ሲሞቅ አልነሳም የሚል መኪና፦ ጥፋቱን ከሥሩ ስለማግኘት



ጠዋት በአንድ ቁልፍ የተነሳ መኪና ቀትር ላይ አልነሳም ይላል። ሾፌሩ ኮፈኑን ይከፍታል፣ ረዳቱ ድንጋይ ፈልጎ ጎማ ሥር ታኮ ያደርጋል፣ ተሳፋሪው አንድ በአንድ ይወርዳል። አንዱ «ባትሪው ደክሟል» ይላል፤ ሌላው «ሞተሪኖው ነው» ይላል፤ ሦስተኛው «ነዳጁ ውሃ ገብቶበታል» ብሎ ይምላል። ግማሽ ሰዓት ያህል ካለፈ በኋላ ግን መኪናው ምንም እንዳልነካው ሆኖ ይነሳል። ይህ ነገር በመቱ መናኸሪያም፣ በጎሬ ዳገትም፣ በበደሌ ገበያ ዳርም የተለመደ ነው።

አንዳንድ ጓደኞቻችን «ይህ የመካኒክ ሥራ ነው፤ ለዕጩ መምህር ምን ይጠቅመዋል?» ይሉ ይሆናል። ጥያቄው ተገቢ ነው። መልሳችን ሁለት ነው።

አንደኛ፣ ነገ የምንመደብባቸው ትምህርት ቤቶች ብዙዎቹ ከዋናው መንገድ የራቁ ናቸው። እዚያ ያለችው አንዲት አሮጌ መኪና ቡና ጫኝም ናት፣ የፈተና ወረቀት አምጪም ናት፣ ምጥ የያዛትን እናት ወደ ጤና ጣቢያ አድራሽም ናት። ጥር 2016 ዓ.ም. ላይ ደግሞ በኤሌክትሪክ ከሚሠሩት በስተቀር የግል አውቶሞቢል ወደ አገር እንዳይገባ መወሰኑ ተነግሯል። ስለዚህ ያሉት የቤንዚንና የናፍጣ መኪኖች ገና ብዙ ዓመት እንዲያገለግሉ ይፈለጋል ማለት ነው። ጥፋታቸውን በግምት ሳይሆን በምርመራ ማግኘት ለባለቤቱም ለሕዝቡም ጥቅም አለው።

ሁለተኛ፣ ይህ ጥፋት በሳይንስ ክፍል የተማርነውን ነገር የሚፈትን ነው። የኦም ሕግ፣ የፈሳሽ መፍላት፣ የብረት በሙቀት መለጠጥ፣ ሁሉም በአንድ ኮፈን ሥር ይገኛሉ። ከሁሉም በላይ ግን አንድን ምክንያት ከሌላው ለይቶ የማወቅን ዘዴ ያስተምራል። በዚህ ጽሑፍ ለማስረዳት የምንፈልገውም ዋናው ነገር ይኸው ነው።

ሞተር ከጠፋ በኋላ ሙቀቱ የት ይሄዳል?

ብዙ ሰው «ሞተሩ ከጠፋ ወዲያው መቀዝቀዝ ይጀምራል» ብሎ ያስባል። ነገሩ እንዲህ አይደለም። መኪናው በሚሄድበት ጊዜ ነፋስ ይመታዋል፣ ቬንቲላተሩ ይዞራል፣ ውሃው በራዲያተር ውስጥ ይመላለሳል፣ ቤንዚኑም ከታንከር አዲስና ቀዝቃዛ ሆኖ ይመጣል። ሞተሩ ሲጠፋ እነዚህ ሁሉ በአንድ ጊዜ ይቆማሉ። የሞተሩ ብረት ግን ገና እንደጋለ ነው። በመሆኑም በብረቱ ውስጥ የነበረው ሙቀት በዙሪያው ወዳሉት ነገሮች፣ ማለትም ወደ ካርቡራቶሩ፣ ወደ ቤንዚን ፖምፓው፣ ወደ ቦቢናውና ወደ ሞተሪኖው ይሄዳል። በእነዚህ ዕቃዎች ላይ ሙቀቱ የሚበረታው ሞተሩ ከጠፋ ከአሥር እስከ ሃያ ደቂቃ ባለው ጊዜ ውስጥ ነው። ሾፌሩ ሻይ ጠጥቶ ሲመለስ መኪናው እንቢ የሚለው ለዚህ ነው። ወዲያው አጥፍቶ ወዲያው ቢያስነሳው ኖሮ ይነሳ ነበር፤ ሁለት ሰዓት ቢቆይም ይነሳ ነበር። ችግሩ ያለው በመካከሉ ነው።

የኢሉባቦር መልክዓ ምድርም የራሱን ይጨምራል። ውሃ በባሕር ጠለል ላይ በ100 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይፈላል። ከፍታ ሲጨምር ግን የአየሩ ግፊት ስለሚቀንስ በየ300 ሜትሩ አንድ ዲግሪ ያህል ቀድሞ ይፈላል። መቱ ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 1,600 ሜትር ከፍታ ላይ ስለሆነች ውሃ በ95 ዲግሪ ገደማ ይፈላባታል። ከ2,000 ሜትር በላይ በሆነችው በጎሬ ደግሞ በ93 ዲግሪ ገደማ ይፈላል። ቤንዚንም እንደ ውሃው ነው፤ እንዲያውም ይብሳል። ቤንዚን የብዙ ነገሮች ድብልቅ ስለሆነ ቀላል የሆኑት ክፍሎቹ ከ35 እስከ 40 ዲግሪ ባለው ሙቀት መፍላት ይጀምራሉ። ከጋምቤላ ቆላ ተነስቶ በቡሬ በኩል ወደ ጎሬ የሚወጣ መኪና 1,500 ሜትር ያህል ሽቅብ ይወጣል። ከታች በሙቀት አገር የቀዳውን ቤንዚን ይዞ፣ በከባድ ማርሽ ሞተሩን እያጋለ፣ የአየሩ ግፊት ወደሳሳበት ከፍታ ይደርሳል። እዚያ ቆሞ ቢያጠፋው ቤንዚኑ በቱቦው ውስጥ ቢፈላ ምን ይገርማል?

ዝናቡም አለ። ጎሬና አካባቢው በአገራችን ብዙ ዝናብ ከሚያገኙት ቦታዎች የሚቆጠር ነው። እርጥበት በባትሪው ራስና በሽቦ መያዣ ቡሎኖች ላይ ነጭና አረንጓዴ ዝገት ያበቅላል። ይህ ዝገት ምን እንደሚያደርግ ከዚህ በታች እንመለከታለን።

የመጀመሪያው ጥያቄ፦ ሞተሪኖው ዞረ ወይስ አልዞረም?

ሐኪም መድኃኒት ከማዘዙ በፊት «የት ነው የሚያምህ? መቼ ነው የሚያምህ?» ብሎ ይጠይቃል። መኪናም መጀመሪያ መጠየቅ ያለበት አንድ ጥያቄ ነው፦ ቁልፉ ሲዞር ሞተሪኖው ሞተሩን ያዞረዋል ወይስ አያዞረውም? «አልነሳም አለ» የሚለው ቃል ሁለቱንም አንድ ላይ ስለሚያደርጋቸው ብዙ ገንዘብ ያስጠፋል። ሞተሪኖው እየዞረ የማይነሳ መኪና ላይ አዲስ ሞተሪኖ መግጠም፣ ሞተሪኖው የማይዞር መኪና ላይ ካንዴላ መቀየር ከንቱ ድካም ነው። ስለዚህ መንገዱ እዚህ ላይ ለሁለት ይከፈላል።

ሀ. ሞተሪኖው ካልዞረ

ቁልፉ ሲዞር «ጠቅ» ብቻ ካለ ወይም ምንም ድምፅ ከሌለ፣ ነገሩ የኤሌክትሪክ ነው። ነዳጁንና ካንዴላውን እንተወው።

ሞተሪኖ ብዙ ኃይል የሚፈልግ ዕቃ ነው፤ ለአነስተኛ የቤንዚን ሞተር እንኳ 150 አምፔር ያህል ሊስብ ይችላል። የኦም ሕግን እናስታውስ፤ ጀርመናዊው የፊዚክስ ሊቅ ጌኦርግ ኦም በ1827 እ.ኤ.አ. ያሳተመው ነው። ቮልት ማለት አምፔር ሲባዛ በኦም ነው። በዛገ ቡሎን ምክንያት በመንገዱ ላይ 0.02 ኦም ብቻ ተቃውሞ ቢኖር፣ 150 ሲባዛ በ0.02 ሦስት ቮልት ይሆናል። ከአሥራ ሁለቱ ቮልት ሦስቱ በዝገቱ ላይ ቀለጠ ማለት ነው። 0.02 ኦም በጣም ትንሽ ስለሆነች በተራ መለኪያ አትታይም፤ ጉዳቷ ግን ይህን ያህል ነው።

ታዲያ ጠዋት ለምን ይዞራል? መዳብ በአንድ ዲግሪ ሙቀት ተቃውሞው 0.39 በመቶ ያህል ይጨምራል። ሞተሪኖው ላይ ያለችው መሳቢያ (ሶሌኖይድ) ከ20 ወደ 80 ዲግሪ ብትሞቅ የጥቅልሏ ተቃውሞ ሩብ ያህል ይጨምራል፤ በእሷ ውስጥ የሚያልፈው ኃይልም በአንድ አምስተኛ ገደማ ይቀንሳል። መኪናው አዲስ በነበረ ጊዜ ይህ ቅናሽ አይሰማውም ነበር፤ ትርፍ ጉልበት ነበረውና። ያረጀ ቁልፍ፣ የዛገ ቡሎን፣ የሳሳ ሽቦ ግን ትርፉን ቀድመው በልተውታል። ጠዋት በጭንቅ የሚበቃው ኃይል ቀትር ላይ አልበቃ ይላል። እንግዲህ ሙቀቱ ጥፋቱን ገለጠው እንጂ አልፈጠረውም።

ለዚህ ጥሩ ምሳሌ የሚሆነው በአገራችን ብዙ የተነዳው የቀድሞው ቮልስ ነው። የቮልስ ሞተርና ሞተሪኖ ከኋላ ናቸው፤ ቁልፉ ከፊት ነው። ስለዚህ መሳቢያዋን የሚያዝዘው ኃይል ከባትሪው ተነስቶ ወደ ፊት ይሄዳል፣ በቁልፉ ያልፋል፣ እንደገና እስከ ኋላ ይመለሳል። በዚህ ረጅም መንገድ ላይ ያለው እያንዳንዱ መጋጠሚያ ሲያረጅ ትንሽ ትንሽ ቮልት ይበላል። ብዙ ባለ ቮልሶች ሞተሪኖ ቀይረው ያልዳነላቸውን፣ በሞተሪኖው አጠገብ አንዲት ሪሌ በማስገባት ኃይሉን በአጭር መንገድ ከባትሪ እንዲያገኝ አድርገው ያዳኑት ለዚህ ነው።

ምርመራው እንዲህ ነው። ማርሹ ዜሮ ላይ ሆኖ የእጅ ፍሬኑ ይያዝ።

1ኛ. የፊት መብራቱን አብርቶ ቁልፉን ማዞር። መብራቱ ክፉኛ ከደከመ ባትሪው ወይም የባትሪው ራስ ይጠረጠራል። መብራቱ ሳይደክም ሞተሪኖውም ዝም ካለ ኃይሉ ከሞተሪኖው አልደረሰም ማለት ነው።

2ኛ. ባለ 12 ቮልት አምፖል ከሁለት ሽቦ ጋር አሥሮ አንዱን ጫፍ በሞተሩ ንጹሕ ብረት ላይ፣ ሌላውን በመሳቢያዋ ቀጭን ሽቦ መግቢያ ላይ ማስነካት፤ ከዚያ ሰው ቁልፉን ያዙር። አምፖሉ በደንብ ከበራና ሞተሪኖው ዝም ካለ ጥፋቱ በሞተሪኖው ወይም በመሳቢያዋ ነው። አምፖሉ ከደበዘዘ ወይም ካልበራ ግን ጥፋቱ በቁልፉ ወይም በሽቦው መንገድ ላይ ነው፤ ሞተሪኖው ንጹሕ ነው።

3ኛ. ከባትሪው ኔጌቲቭ ራስ በቀጥታ ወደ ሞተሩ ብረት ወፍራም የባትሪ ገመድ ማገናኘት። ሞተሪኖው ወዲያው ከዞረ የቀድሞው የኔጌቲቭ ገመድ ወይም ቡሎኑ ነው የታመመው። ፈትቶ በብርጭቆ ወረቀት አጽድቶ ማሰር ነው።

ቮልት መለኪያ ያለው ሰው ደግሞ ሞተሪኖው በሚታዘዝበት ሰዓት በባትሪው ኔጌቲቭ ራስና በሞተሩ ብረት መካከል ይለካ። ከግማሽ ቮልት በላይ ካሳየ መንገዱ ጤነኛ አይደለም።

ለ. ሞተሪኖው እየዞረ ካልተነሳ፦ እሳት አለ?

ሞተሪኖው በደህና እየዞረ ሞተሩ ካልነሳ፣ ለቤንዚን ሞተር የሚያስፈልጉት ሁለት ነገሮች ይቀራሉ፤ እሳትና ነዳጅ። መጀመሪያ እሳቱን እንይ።

ትርፍ ካንዴላ በካንዴላው ሽቦ ላይ ሰክቶ፣ የካንዴላውን ብረት ከሞተሩ ብረት ጋር አጥብቆ ማሰር፤ በእጅ መያዝ ፈጽሞ አይገባም፤ የሚመጣው ኃይል ከአሥር ሺህ ቮልት በላይ ነው። ቤንዚን የፈሰሰበት ወይም የሚሸትበት ቦታ ከሆነም ይህ ምርመራ አይደረግም። ሞተሩ ሲዞር ሰማያዊ የሆነና «ጣ ጣ» የሚል እሳት ከታየ የእሳቱ ወገን ደህና ነው። ቢጫና የደከመ ከሆነ ወይም ጭራሽ ከሌለ ቦቢናው፣ ፑንቲናው ወይም ኮንደንሰሩ ይጠረጠራል።

ቦቢና በውስጡ በጣም ቀጭን የሆነ የመዳብ ሽቦ በብዙ ሺህ ዙር የተጠመጠመበት ነው። ሲያረጅ የሽቦው ሽፋን ይሰነጠቃል፤ ሲሞቅ ሽቦው ይለጠጥና ስንጥቁ ይከፈታል፤ ሲበርድ ተመልሶ ይገጥማል። ስለዚህ ቀዝቅዞ ጋራዥ ከደረሰ በኋላ ቢለካ «ደህና ነው» ይባላል። ደህና ያልሆነው ግን የዛሬ ሁለት ሰዓት በዳገቱ ላይ ነበር። የሙቀት በሽታ በሙቀቱ ሰዓት ነው መመርመር ያለበት።

ቤንዚን በኤሌክትሪክ በሚረጭላቸው መኪኖች ላይ ፑንቲናና ካርቡራቶር የለም፤ በሽታው ግን ያው ነው። የሞተሩን ዙር የሚቆጥረው ሴንሰር በውስጡ ቀጭን ጥቅልል አለው፤ እሱም ሲሞቅ ሊቋረጥ ይችላል። ሞተሪኖው ሲያዞር የዙር ቆጣሪው ቀስት ጨርሶ ካልተንቀሳቀሰ ይህ ሴንሰር ይጠረጠራል። ለቤንዚን ፖምፓው ኃይል የሚሰጠው ሪሌም በውስጡ ያለው ብየዳ ተሰንጥቆ፣ ፀሐይ ላይ የቆመ መኪና ውስጥ ሲሞቅ ይለያያል። ቁልፉ ሲከፈት ከኋላ ለሁለት ሰከንድ ያህል የሚሰማው የፖምፓ ድምፅ ከጠፋ በዚያ በኩል መፈለግ ነው።

ሐ. እሳት ካለ፦ ነዳጁ አነሰ ወይስ በዛ?

እዚህ ላይ ሁለት ተቃራኒ በሽታዎች አንድ መልክ ይዘው ይመጣሉ። አንደኛው፣ ቤንዚኑ በቱቦው ወይም በፖምፓው ውስጥ ፈልቶ እንፋሎት ሲሆን ነው። ፖምፓው ፈሳሽ እንጂ እንፋሎት መግፋት አይችልም፤ ሞተሩ በጥማት ይቀራል። ሁለተኛው፣ በካርቡራቶሩ ሳህን ውስጥ የነበረው ቤንዚን ፈልቶ ወደ ሞተሩ ሲገነፍል ነው፤ ሞተሩ ይሰጥማል።

የሚለያቸው አፍንጫና ዓይን ነው። ኮፈኑ ሲከፈት ብርቱ የቤንዚን ሽታ ካለ፣ ካንዴላውም ሲፈታ እርጥብ ከሆነ፣ በዝቷል። መድኃኒቱ ነዳጅ መርገጫውን እስከ መጨረሻው ረግጦ፣ ሳያነሱ፣ ሞተሩን ማዞር ነው፤ አየር ይገባና ትርፉን ያወጣዋል። መርገጫውን ደጋግሞ መርገጥ ግን ለሰጠመ ሰው ውሃ እንደመስጠት ነው። ሽታ ከሌለ፣ የካርቡራቶሩ አፍ ተከፍቶ መርገጫው ሲረገጥ የቤንዚን ፍንጣቂ ካልታየ፣ ደርቋል። ይህን የሚያይ ሰው ቁልፉን ያጥፋ፣ ሲጋራም አጠገቡ አይኑር።

ለአንደኛው ዓይነት ምሳሌ አዲስ አበባን ለብዙ ዓመታት ያገለገለው ሰማያዊና ነጭ ላዳ ታክሲ ነው። ላዳ የተሠራው በፊያት 124 ንድፍ ሲሆን ቤንዚን ፖምፓው በሞተሩ ጎን ላይ ስለተገጠመ ከሞተሩ ሙቀት ይወስዳል። ላዳ በተሠራበት አገር ሳይቀር ሾፌሮች በበጋ በፖምፓው ላይ እርጥብ ጨርቅ መጠቅለልን የለመዱት ለዚህ ነው። ጨርቁ ግን ማስታገሻ ነው። የነዳጅ ቱቦው ከጋለ ብረት ጋር ተነካክቶ እንደሆነ፣ ፊልትሮው ተደፍኖ እንደሆነ፣ በካርቡራቶሩ ሥር ያለው ሙቀት መከላከያ ወፍራም ጓርኒሲዮን ተጥሎ በቀጭን ተተክቶ እንደሆነ ማየት ያስፈልጋል።

መ. የናፍጣ መኪና ከሆነ

ናፍጣ ካንዴላ የሚያቀጣጥለው እሳት አይፈልግም፤ በግፊት ብቻ ይነድዳል። ለገጠር የሚሆኑት አሮጌ ላንድክሩዘሮች ብዙዎቹ የናፍጣ ናቸው። በእነዚህ ላይ ሲሞቅ አለመነሳት ብዙ ጊዜ ከናፍጣ ፖምፓው መበላት የሚመጣ ነው። ናፍጣ ሲሞቅ ይቀጥናል። ፖምፓው ውስጥ ያሉት ብረቶች ከተበሉ ቀጭኑ ናፍጣ በመካከላቸው ሾልኮ ይመለሳል፤ ሞተሪኖው በሚያዞርበት ዝግተኛ ዙር ወደ ኢንጄክተሩ የሚደርስ በቂ ግፊት አይገኝም። ሲበርድ ናፍጣው ይወፍርና ይነሳል። ፖምፓውን በእርጥብ ጨርቅ አብርዶ ወዲያው ከተነሳ ጥርጣሬው ይጠነክራል። በጋለ ፖምፓ ላይ ቀዝቃዛ ውሃ መድፋት ግን ብረቱን ሊጎዳው ስለሚችል ጨርቁ ይሻላል። ከዚያ በፊት ግን ናፍጣውን የሚዘጋውንና የሚከፍተውን ትንሽ የኤሌክትሪክ መዝጊያ መመርመር ይገባል። ቁልፉ ሲከፈት «ጠቅ» ካላለ ጥፋቱ የሽቦ ሊሆን ይችላል፤ የሽቦ ጥፋት ደግሞ ከፖምፓ ጥገና ጋር በዋጋ አይወዳደርም።

ጊዜ እንዴት ያታልለናል?

አሁን ወደ ዋናው ነገር ደርሰናል። ይህ ጥፋት ከሌሎቹ ጥፋቶች ሁሉ የሚለይበት አንድ ጠባይ አለው፤ ምንም ሳይደረግለት በራሱ ጊዜ ይድናል። መኪናው ቆሞ ሳለ አንዱ የባትሪውን ራስ ይነቀንቃል፤ ሌላው ሞተሪኖውን በካቻቢቴ እጀታ ይመታል፤ ሦስተኛው ካንዴላ ፈትቶ ይጠርጋል። በዚህ ሁሉ መካከል ደቂቃው ይሄዳል፤ ሞተሩም ይበርዳል። መኪናው ሲነሳ ምስጋናውን የሚወስደው መጨረሻ ላይ የነካው ሰው ነው። «አላልኳችሁም? ካንዴላው ነበር!» ይላል። በሚቀጥለው ሳምንት አራት አዲስ ካንዴላ ይገዛል፤ መኪናውም በሚቀጥለው ቀትር እዚያው ቦታ ይቆማል።

የምናውቀው አንድ አሮጌ የቤንዚን ፒክአፕ የዚህ ምስክር ነው። ሰውም ቡናም የሚጭን ነበር። ሲሞቅ ሞተሪኖው «ጠቅ» ብሎ ይቀራል። ባለቤቱ በመጀመሪያ አዲስ ባትሪ ገዙ፤ ለሁለት ሳምንት ያህል ደህና መሰለ። ቀጥሎ ለሞተሪኖ ሲሉ ለክፉ ቀን ያስቀመጡትን ቡና ሸጡ። አዲሱ ሞተሪኖም እንደ አሮጌው «ጠቅ» ብሎ ቀረ። በመጨረሻ አንድ በዕድሜ የገፉ መካኒክ መኪናው እንቢ ባለበት ሰዓት፣ ገና እንደጋለ፣ ሦስተኛውን ምርመራ አደረጉ። ከባትሪው ወደ ሞተሩ አንድ ገመድ በቀጥታ ሲያገናኙ ሞተሪኖው ተወርውሮ ዞረ። የታመመው የኔጌቲቩ ገመድ ቡሎን ነበር፤ ከሥሩ ዝገት በልቶታል። መዳኛው የብርጭቆ ወረቀትና የሩብ ሰዓት ሥራ ሆነ። አዲሱ ባትሪ ለሁለት ሳምንት የጠቀመው፣ ብርቱ ስለነበረ የዝገቱን ዕዳ ለጊዜው ስለከፈለ ነው። ችኩል ጅብ ቀንድ ይነክሳል ይባል የለ?

ከዚህ መታለል የሚያድኑ ሦስት ሕጎች አሉ።

አንደኛ፣ በአንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ መለወጥ። ቦቢናውንም ፖምፓውንም በአንድ ላይ በእርጥብ ጨርቅ ያበረደ ሰው መኪናው ቢነሳ የትኛው እንደታመመ አያውቅም።

ሁለተኛ፣ ማነጻጸሪያ ማዘጋጀት። መኪናው እንቢ ሲል አንድ ቀን ምንም ሳይነኩ በየአምስት ደቂቃው እየሞከሩ በስንት ደቂቃ በራሱ እንደሚነሳ መጻፍ። በ25 ደቂቃ ከሆነ፣ በሌላ ቀን ቦቢናው ብቻ በርዶ በ5 ደቂቃ ቢነሳ ማስረጃ ነው። ቦቢናው በርዶም በ25 ደቂቃ ከተነሳ ግን ያበረደው ጊዜ ነው፤ ጨርቁ ምንም አልሠራም።

ሦስተኛ፣ መድገም። አንድ ጊዜ የሆነ ነገር አጋጣሚ ሊሆን ይችላል። ሁለትና ሦስት ጊዜ ከተደጋገመ ያኔ ገንዘብ ማውጣት ይቻላል።

ለዚህም በመኪናው ውስጥ አንዲት ደብተር ብትኖር ጥሩ ነው። ቀኑ፣ ቦታው፣ ስንት ሰዓት እንደተነዳ፣ ከጠፋ ስንት ደቂቃ በኋላ እንቢ እንዳለ፣ ሞተሪኖው መዞር አለመዞሩ፣ የቤንዚን ሽታ መኖር አለመኖሩ ይጻፍባት። መካኒኩ ዘንድ ሲደረስ «አልነሳ አለኝ» ከማለት ይህችን ደብተር ማሳየት የብዙ ቀን ግምትን ያስቀራል።

ጥንቃቄ

የጋለ ራዲያተር ክዳን አይከፈትም፤ የሚፈናጠረው ውሃ ፊት ያቃጥላል። ሞተሪኖ በአንድ ጊዜ ከአሥር ሰከንድ በላይ አይታዘዝም፤ አንድ ደቂቃ ማረፍ አለበት፤ አለዚያ እኛው ራሳችን እናግለዋለን። በቁልቁለት ላይ በግፊ ለማስነሳት ሲባል ሕፃናትና ሽማግሌዎች ከመኪናው ፊትም ኋላም አይቁሙ፤ ሞተር ሳይነሳ የብዙ መኪኖች ፍሬንና መሪ ይከብዳልና። አውቶማቲክ ማርሽ ያለው መኪና ደግሞ በግፊ አይነሳም፤ መድከም ብቻ ነው።

ይህን በክፍል ውስጥ እንዴት እንጠቀምበት?

የገጠር ተማሪ መኪና ሲቆም አይቷል፤ ቤተ ሙከራ ግን አላየ ይሆናል። ስለዚህ ከሚያውቀው እንነሳ። ባለ 12 ቮልት አምፖልና ሁለት ክንድ ሽቦ ከተገኘ የመመርመሪያው መብራት የትምህርት መርጃ ይሆናል። በአምፖሉ መንገድ ላይ አንድ ጊዜ ንጹሕ ምስማር፣ አንድ ጊዜ የዛገ ምስማር አስገብቶ ብርሃኑን ማወዳደር የኦም ሕግን ከቃል ወደ ዓይን ያመጣዋል። ባትሪውን መምህሩ ራሱ ይያዘው፤ ሁለቱ ራሶች በብረት እንዳይገናኙ ይጠንቀቅ። ማነጻጸሪያ ምን እንደሆነ ለማስረዳትም ከላይ ያልነውን የ25 ደቂቃ ምሳሌ መጠቀም ይቻላል። ተማሪዎቹ ራሳቸው «ጨርቁ ነው ወይስ ጊዜው?» ብለው እንዲከራከሩ ማድረግ ነው። ከዚህ ክርክር የሚገኘው ትምህርት በጥቁር ሰሌዳ ተጽፎ ከሚሸመደደው ትርጉም ይበልጣል።

መምህርም ቢሆን ከዚህ ለራሱ የሚወስደው አለ። ጠዋት ንቁ ሆኖ ከቀትር በኋላ ዝም የሚል ልጅ ሲያጋጥመን «ሰነፍ ነው» ብለን ከመፍረዳችን በፊት «መቼ ነው ዝም የሚለው? ምሳ በልቷል? ስንት ሰዓት በእግሩ ሄዶ መጣ?» ብለን እንጠይቅ። መቼ የሚለው ጥያቄ ብዙ ጊዜ ለምን ወደሚለው መልስ ያደርሳል።

አባቶቻችን «ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ» ይላሉ። በአካባቢያችን የሚቆም መኪና ስናይ ከግምተኞቹ ጋር አንድ ግምት ጨምረን እንዳንሄድ፤ ይልቅስ «ሞተሪኖው ዞሯል?» ብለን እንጠይቅ። ከዚያ እሳት፣ ከዚያ ነዳጅ፣ ሁሉንም ገና እንደጋለ። አንባብያንም በዚህ ጽሑፍ ላይ የሚጨምሩት ወይም የሚያርሙት ነገር ካለ፣ በተለይ ከአውቶ መካኒክ ጋር የሠሩ ጓደኞቻችን፣ በወረቀት ጽፈው ከዚሁ ሰሌዳ ሥር እንዲለጥፉልን እንጠይቃለን።